ታናሿ መንኰራኵርና ታናሹ ሞተር

ሜዳ ላይ ቆማችሁ ድንጋይ ብትወረውሩ፣ ድንጋዩ ከእጃችሁ እስኪወጣ ድረስ የእናንተ ነው፤ ከወጣ በኋላ ግን ትእዛዛችሁን አይሰማም። ወደ ቀኝ ዙር፣ ወደ ግራ ተመለስ፣ ቁም ብትሉት የተወረወረበትን መንገድ ይዞ ከመሄድ በቀር ሌላ ማድረግ አይችልም። ወደ ጠፈር ከተላኩት ትንንሽ ሳተላይቶች መካከል የብዙዎቹ ዕጣ ከዚህ ድንጋይ ዕጣ እምብዛም የተለየ አይደለም። ሮኬት ተሸክሞ ያወጣቸዋል፤ ከተለቀቁ በኋላ ግን መንገዳቸውን የሚያቀኑበት የራሳቸው ሞተር ስለሌላቸው፣ ሮኬቱ በተዋቸው መስመር ላይ ሲዞሩ ይኖራሉ።

ታዲያ ለእነዚህ ትንንሽ መንኰራኵሮች እንደ መጠናቸው ትንሽ የሆነ ሞተር ሊሠራላቸው ይገባልን? ወይስ ለትንሽ ነገር ይህን ያህል መድከም ትርፉ ድካም ብቻ ነው? በዚህ ጕዳይ ላይ የተለያየ አስተያየት ይሰማል። እኔ በበኩሌ ሊሠራላቸው ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። ለረጅም ጕዞም ከሌሎቹ ሞተሮች ይልቅ የሚስማማቸው የአዮን ሞተር ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቶቼን በተራ አቀርባለሁ፤ እናንተም እየመዘናችሁ ተከተሉኝ።

በመጀመሪያ የአዮን ሞተር ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ማንኛውም ሮኬት ወደ ፊት የሚሄደው አንዳች ነገር ወደ ኋላ በመወርወር ነው። በጀልባ ላይ ቆሞ ድንጋይ ወደ ኋላ የሚወረውር ሰው ጀልባው በጥቂቱ ወደ ፊት ፈቀቅ ይልለታል። ይህ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ አንደኛው ብዙ ድንጋይ በመጠነኛ ፍጥነት መወርወር ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥቂት ድንጋይ በታላቅ ፍጥነት መወርወር ነው። ነዳጅ የሚያቃጥለው ሮኬት የመጀመሪያውን፣ የአዮን ሞተር ደግሞ ሁለተኛውን ይመስላል። ተቃጥሎ ከሮኬት የሚወጣው ጋዝ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ4 ኪሎ ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ከአዮን ሞተር የሚወጣው ጅረት ግን በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈተለካል። ስለዚህ የአዮን ሞተር በጥቂት ነዳጅ ብዙ ሥራ ይሠራል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የሞተሩ ውስጠኛ ክፍል ጣሳ ይመስላል። ወደዚህ ጣሳ ጥቂት ጋዝ፣ አብዛኛውን ጊዜም ዜኖን የተባለው ጋዝ ይገባል። በውስጡ የሚፈጥኑ ኤሌክትሮኖች ከጋዙ አቶሞች ጋር ሲጋጩ ከአቶሞቹ ኤሌክትሮን ያስወጣሉ። ኤሌክትሮኑን ያጣው አቶም ፖዚቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ አዮን የሚባለውም ይኸው ነው። የጣሳው አፍ ቀዳዳቸው በደቀቀ ሁለት ወንፊቶች የተከደነ ሲሆን፣ በወንፊቶቹ መካከል 1,000 ቮልት ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት አለ። ይህም ኀይል አዮኖቹን ስቦ በቀዳዳዎቹ በኩል ወደ ውጭ ይወረውራቸዋል። በሞተሩ አጠገብ ያለ ሌላ መሣሪያ ደግሞ ወደ ወጡት አዮኖች ኤሌክትሮን ይረጫል። ይህ ባይደረግ መንኰራኵሯ ነጌቲቭ ሙል እያጠራቀመች ትሄድና የወረወረቻቸውን አዮኖች መልሳ ወደ ራሷ ትስባለች፤ ግፊቱም ከንቱ ይሆናል።

ሐሳቡ ትናንት የተወለደ አይደለም። አሜሪካዊው የሮኬት ሊቅ ሮበርት ጎዳርድ ገና እ.ኤ.አ. በ1906 የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው ቅንጣቶች መንኰራኵርን መግፋት ይቻል እንደ ሆነ በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ ነበር። ሐሳቡ በጠፈር ላይ የተፈተነው ግን ከ58 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሰርት 1 የተባለችው የአሜሪካ መንኰራኵር የአዮን ሞተሯን ለ31 ደቂቃ አሠራች። ያን ጊዜ ብዙዎችን ያስጨነቀው ጥያቄ፣ የተወረወሩት አዮኖች ተመልሰው ግፊቱን ያጠፉት ይሆን ወይ የሚል ነበር። የሠላሳ አንድ ደቂቃው ሙከራ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ።

ከዚያ ወዲህ የአዮን ሞተር ሩቅ አገር ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የተላከችው ዲፕ ስፔስ 1 ሞተሯ ከ16,000 ሰዓት በላይ ሠርቶላታል። ሞተሩ በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ የሚሰጠው ግፊት 92 ሚሊኒውተን ብቻ ነበር። ይህም ሁለት የደብተር ወረቀት መዳፋችሁ ላይ ብታስቀምጡ ከሚሰማችሁ ክብደት አይበልጥም። ነገር ግን ይህ ደካማ የሚመስል ግፊት፣ 74 ኪሎ ግራም በማይሞላ ዜኖን፣ የመንኰራኵሯን ፍጥነት በሴኮንድ 4.3 ኪሎ ሜትር ያህል ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተላከችው ዶውን ደግሞ በአዮን ሞተር እየተገፋች መጀመሪያ ቬስታን፣ ቀጥሎም ሴሬስን ለመዞር በቅታለች።

እነዚህ ግን ትልልቅ መንኰራኵሮች ናቸው። የእኛ ጕዳይ ትንንሾቹ ናቸውና ወደ እነርሱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ አገር ሁለት የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ጆርዲ ፑይግ ስዋሪና ቦብ ትዊግስ፣ ተማሪዎቻቸው በትምህርት ዘመናቸው ሠርተው ሊጨርሱት የሚችሉትን የሳተላይት ዓይነት አሰቡ። ያሰቡትም ጎኑ በያቅጣጫው 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ነበር። ኪዩብሳት የተባለው ይህ ሳጥን ለብቻው ወይም እንደ ጡብ እየተገጣጠመ ወደ ጠፈር ይላካል። በዚህ ምክንያት ትልቅ ገንዘብ የሌላቸው ዩኒቨርሲቲዎችና አገሮች ወደ ጠፈር የሚገቡበት በር ተከፈተ። በሩ ተከፈተ እንጂ ከገቡ በኋላ የሚራመዱበት እግር ግን አልነበራቸውም።

ለእንዲህ ያለች ትንሽ መንኰራኵር የአዮን ሞተር ምን ሊያደርግላት እንደሚችል በስሌት እንየው። ክብደቷ 20 ኪሎ ግራም የሆነ ሳተላይት አለች እንበል። ሞተሯ የሚሰጣት ግፊት አንድ ሚሊኒውተን ይሁን። ይህ ግፊት በምድር ላይ የሁለት ወይም የሦስት ቅንጣት ስንዴ ክብደት ያህል ነው። በፊዚክስ ትምህርት እንደምታውቁት፣ ግፊቱ ለክብደቷ ሲካፈል በያንዳንዱ ሴኮንድ የምታገኘውን የፍጥነት ጭማሪ ይሰጣል። ሞተሩ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲገፋት ቢውል የምታገኘው ተጨማሪ ፍጥነት በሴኮንድ 1.44 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ማለትም በእግሩ የሚሄድ ሰው ፍጥነት ያህል ነው። እዚህ ላይ ስሌቱን ያቆመ ሰው ስቆ ይሄዳል። ነገር ግን ሞተሩ ሳያቋርጥ መቶ ቀን ቢገፋት ጭማሪው በሴኮንድ 432 ሜትር ይደርሳል። ይህም ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ይበልጣል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲሉ ስለ ትዕግሥት መናገራቸው ነበር፤ አባባሉ ግን ለአዮን ሞተርም ልክ የተሰፋ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ትልቁ ሞተር ይህን ያህል ከሠራ፣ እርሱኑ አሳንሶ መሥራት ምን ያስቸግራል? ችግሩ ያለው ከማሳነሱ ላይ ነው። በሲኒ የተቀዳ ቡና በጀበና ውስጥ ካለው ቡና ቀድሞ እንደሚበርድ ታውቃላችሁ። ዕቃው ባነሰ ቁጥር፣ በውስጡ ከሚይዘው መጠን ጋር ሲነጻጸር፣ ግድግዳው እየበዛ ይሄዳል። የአንድ ሳጥን ጎን በግማሽ ቢቀነስ ይዘቱ ወደ ስምንተኛ ሲወርድ የግድግዳው ስፋት ግን ወደ አራተኛ ብቻ ይወርዳል። በትንሹ ሞተር ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ብዙ ድካም የተደከመባቸው አዮኖችና ኤሌክትሮኖች ወደ ወንፊቱ ሳይደርሱ ከግድግዳው ጋር እየተላተሙ ይጠፋሉ። በዚህ ላይ የትንሿ መንኰራኵር የፀሐይ ሰሌዳ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ በጥቂት አሥር ዋት የሚቈጠር፣ ከአንድ የቀድሞ የቤት አምፑል ፍጆታ እምብዛም የማይበልጥ ነው። ጋዙን አምቆ የሚይዘው ወፍራም በርሜል፣ ቧንቧውና ኤሌክትሮን የሚረጨው መሣሪያም በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ቦታ ይሻማሉ።

ሥራው ይህን ያህል ከባድ በመሆኑ ውድቀት አልጠፋበትም። ሞተሩ አያስፈልግም የሚሉት ሰዎች ዋና ማስረጃቸውም ይኸው ነው፤ እኔም ልሸሽገው አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ፕሮስዮን የተባለች፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም የማይሞላ የጃፓን መንኰራኵር ወደ ሩቅ ጠፈር ተላከች። ትንሽ የአዮን ሞተር ነበራት፤ በእርሱ እየተገፋች መንገዷን አስተካክላ ወደ አንድ አስትሮይድ እንድትቀርብ ታስቦ ነበር። ሞተሩ ከ200 ሰዓት በላይ ከሠራ በኋላ ቆመ። በሁለቱ ወንፊቶች መካከል አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ገብታ ኤሌክትሪኩን ሳታገናኘው እንዳልቀረች ተገመተ። ወደ አስትሮይዱ የታሰበው ጕዞም ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሉናማፕ የተባለች፣ የጫማ ሣጥን የምታህል የአሜሪካ መንኰራኵር ጨረቃን እንድትዞር ተላከች። የሞተሯ አንድ ቫልቭ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ሞተሩ ሊሠራ ባለመቻሉ መንኰራኵሯ በጨረቃ አጠገብ አልፋ ሄደች።

ታዲያ እነዚህ ውድቀቶች ምን ያስተምሩናል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የወደቀው ሐሳቡ አይደለም። አንዱን ያቆመው ሽራፊ ብረት ነው፤ ሁለተኛውን ያቆመው የተጣበቀ ቫልቭ ነው። ሽራፊ ብረት በጥንቃቄ ይጠረጋል፤ የሚጣበቅ ቫልቭም በሌላ ይተካል። ደግሞም ሁለቱ መንኰራኵሮች ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ፕሮስዮን በአንድ ጅራታም ኮከብ ዙሪያ ያለውን የሃይድሮጂን ጋዝ በቴሌስኮፕ ተመለከተች፤ ሉናማፕም በጨረቃ አጠገብ ስታልፍ መለኪያ መሣሪያዋ እንደሚሠራ አሳየች። በሰርት 1 ዘመን የነበሩ መሐንዲሶች በጥርጣሬ ምክንያት ሥራቸውን ትተውት ቢሆን ኖሮ ዶውን ሴሬስን ባልዞረች ነበር።

ከውድቀቱ ጎን ለጎን የተገኘውንም መልካም ውጤት መመልከት ተገቢ ነው። ዜኖን ለትንሽ መንኰራኵር የሚያስቸግር ጋዝ ነው። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው መጠን ከአሥር ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ውድ ነው። ታምቆም በጠንካራ ዕቃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በፈረንሳይ አገር ያሉ መሐንዲሶች ግን ፊታቸውን ወደ አዮዲን አዞሩ። አዮዲን ቍስል በሚጠረግበት መድኀኒትና በምንበላው ጨው ውስጥ ያለ ነገር ነው። በጠጣርነቱ ሊቀመጥ ስለሚችል የታመቀ ጋዝ የሚይዝ በርሜል አይፈልግም፤ ጥቂት ሲሞቅም ወደ ሐምራዊ ተን ይለወጣል። በአዮዲን የሚሠራው የእነዚህ መሐንዲሶች ትንሽ የአዮን ሞተር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በአንዲት የቻይና ሳተላይት ላይ ተጭኖ ወጣ፤ የሳተላይቷንም መስመር ከፍና ዝቅ ማድረግ ቻለ። ውጤቱ በሚቀጥለው ዓመት ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። እርግጥ ነው፣ አዮዲን ብረትን ይበላል፤ ቱቦንም ሊደፍን ይችላል። ከላይ የጠቀስኳት የሉናማፕ ሞተርም በአዮዲን የሚሠራ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ተከፈተ እንጂ ሥራው አላለቀም።

ሌሎች ሰዎች ደግሞ፣ «ትንንሾቹ ሳተላይቶች ርካሽ ናቸው፤ ዘመናቸው ሲያልቅ ይተዉ፤ ሌላ ይላካል» ይላሉ። ይህ አነጋገር በሜዳ ላይ ቆሻሻ ጥሎ ከሚሄድ ሰው አነጋገር ጋር ይመሳሰላል። እርግጥ ዝቅ ባለ ከፍታ የሚዞሩት፣ ከስስ አየር ጋር እየተፋተጉ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወርደው ይቃጠላሉ። ከፍ ብለው የሚዞሩት ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚያው ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮስሞስ 2251 የተባለች፣ ሥራዋን የጨረሰች የሩሲያ ሳተላይት፣ በሥራ ላይ ከነበረችው ከአሜሪካዊቷ ኢሪዲየም 33 ጋር ከሳይቤሪያ በላይ ተጋጨች። ከግጭቱ የተፈናጠሩት፣ ከምድር ሊታዩ የቻሉት ስብርባሪዎች ብቻ ከ2,000 በላይ ነበሩ። ያቺ የሞተች ሳተላይት ትንሽ አልነበረችም፤ ነገር ግን በዚያ ፍጥነት የምትሄድ ትንሽ ሳጥንም የትልቅ ጥፋት ምክንያት ልትሆን ትችላለች። በዚህም ሥጋት የተነሣ የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደንብ፣ ዝቅተኛ መስመር ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ሥራቸውን በጨረሱ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲወርዱ አዘዘ። ቀደም ሲል የተለመደው የጊዜ ገደብ 25 ዓመት ነበር። ሞተር የሌላት ሳተላይት ከፍ ካለ መስመር ላይ በራሷ ኀይል ወርዳ ይህን ደንብ ልትፈጽም አትችልም።

የአዮን ሞተር ለሁሉም ነገር ይሆናል አልልም። እንኳን ሳተላይት ራሱን ከምድር ሊያነሣ አይችልም። ፈጥኖ መዞር ወይም ድንገት መሸሽ በሚያስፈልግበት ጊዜም ታምቆ የሚለቀቅ ጋዝ ይሻላል፤ ፕሮስዮንም ሁለቱንም ይዛ ነበር የሄደችው። ነገር ግን ረጅም መንገድ በትንሽ ስንቅ መሄድ ለሚገባት ተጓዥ እንደ አዮን ሞተር ያለ አጋዥ አይገኝላትም። ከእግረኛ ጋር የሚጓዝ ሰው ምን ያህል እንደሚሮጥ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚዘልቅ መጠየቁ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ይህ ጕዳይ የሩቅ አገር ጕዳይ ብቻ አለመሆኑን ላስታውሳችሁ እወዳለሁ። አገራችን ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የመሬት መመልከቻ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስወነጨፈች። የሳተላይቷ ክብደት 72 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም.፣ የተላከችው ሁለተኛዋ ደግሞ 9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ትመዝን ነበር። እንደ እኛ ያሉ አገሮች ወደ ጠፈር የሚገቡት በትንሿ በር ነው። ትንሿ መንኰራኵር የተወረወረ ድንጋይ ሆና ከቀረች፣ ሩቁን ጠፈር የሚመረምሩት ብዙ ሀብት ያላቸው አገሮች ብቻ ይሆናሉ። የራሷ ሞተር ካላት ግን ጥቂት ገንዘብ ያለው አገርም፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠሩ ተማሪዎችም፣ የሠሯትን መንኰራኵር ወደ ፈለጉበት ሊመሩ፣ ሥራዋን ስትጨርስም በሥርዓት ሊያሰናብቷት ይችላሉ።

ስለዚህ ለታናሿ መንኰራኵር ታናሽ ሞተር ለመሥራት የሚደረገው ድካም ከንቱ አይደለም እላለሁ። ግፊቱ የሦስት ቅንጣት ስንዴ ክብደት ያህል ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። ሊጠየቅ የሚገባው፣ ይህ ትንሽ ግፊት ሳያቋርጥ ስንት ቀን ይዘልቃል የሚለው ነው። መልሱ «መቶ ቀን» እንዲሆን ሽራፊውን ብረት የሚጠርግ፣ ቫልቩን የሚያሻሽል፣ ግድግዳው የሚበላውን አዮን የሚያድን ሰው ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል ነገ ከእናንተ አንዱ ወይም አንዷ ልትገኙ ትችላላችሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ያቀረብኳቸውን ምክንያቶች መርምሩ፤ ደካማ ሆኖ ያገኛችሁት ካለም በማስረጃ ተቃወሙኝ።